ባዶ እጅ የነካው ምሰሶ

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ አናጢው ቶኩጂ በኪሶ ሸለቆ ለሰው ሁሉ አርባ ዓመት ቤት ሲሠራ የራሱ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ሚስቱ ኪኑዮ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ እየደረደረች፣ መንደሩ በሙሉ በአንተ እጅ ደረቅ ቤት ሲተኛ እኔን ለእንቁራሪት ዳርኸኝ ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላው ጊዜ ግን መሳቁን ተወና ለራሱ ቤት እንጨት መግዛት ጀመረ።

ቤቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ምሰሶው፣ ወለሉ፣ የበሩ መቃን፣ ሁሉም ሂኖኪ ነው፤ ሲላግ ሎሚ ሎሚ የሚሸት፣ ቀለምም ቫርኒሽም የማይነካው ነጭ እንጨት። እንዲህ ያለው እንጨት እንደ አራስ ነው፤ ጠባቂ ይፈልጋል። ቶኩጂ ገና ሲያቆማቸው ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በወረቀት ጠቀለላቸው፤ ከወረቀቱ ከወጡም በኋላ ማንም ሰው በባዶ እጁ እንዳይነካቸው አዘዘ። የእጅ ላብ ተንኮለኛ ነው፤ በዕለቱ አይታይም። እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይተኛና ከወራት በኋላ፣ የሰኔ ዝናብ አየሩን ሲያረጥበው፣ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል።

ኪኑዮ ይህን ሕግ የተማረችው በሙሽርነቷ ነው። ምሳ ልታደርስለት የሄደች ዕለት በማያውቁት ሰው ቤት አንድ ምሰሶ ተደግፋ ቆመች። ቶኩጂ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት፣ ኋላ መጋዝ የቀለበት ጣቱን በግማሽ ባስቀረበት ግራ እጁ ወደ ውጭ እያመለከተ፣ «አንቺ ሴት፣ እጅሽን ይዘሽ ውጪ» አላት። ወንዝ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ከዘመድ ቤትም ከመቅደስም በገቡ ቁጥር፣ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን እጅ ነበር። «እጅሽ» ይላታል፤ እሷም እጇን ወደ እጅጌዋ ትሰበስባለች።

አዲሱ ቤት በኅዳር አለቀ። ያን ጊዜ ሆዱ ውስጥ የገባ በሽታ ቶኩጂን አመንምኖት ነበር። ጥር ላይ፣ መቆም እንኳ ሲያቅተው፣ የትልቁን ክፍል ምሰሶ ወረቀት እኔው ራሴ ካልላጥሁ ብሎ አስቸገረ። ኪኑዮ ከሐኪሙ ቤት መድኃኒት ለማምጣት በወጣችበት ሰዓት ላጠው። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። የተናዘዘላት ስለ መሬት አልነበረም፣ ስለ ልጃቸውም አልነበረም። «እንጨቱን ጠብቂልኝ። ነጭ እንደሆነ ጠብቂልኝ» ነው ያላት።

ጠበቀችለት። በየማለዳው ጨርቁን ጠብታ እስኪጠፋው ጨምቃ ወለሉን የእንጨቱ ጭረት በሄደበት ትወለውላለች፤ ከዚያ የሩዝ ፉርሽካ በቋጠረችበት የጥጥ ከረጢት ታሸዋለች፤ ከፉርሽካው የሚወጣው ጥቂት ቅባት እንጨቱን ያጠግበዋል። ምሰሶውን ግን በላባ ብቻ ነበር የምታራግፈው፣ ያውም ጓንት አጥልቃ። ጎረቤቶቿ ኪኑዮ ቤት ሻይ ለመጠጣት ንስሐ መግባት ያስፈልጋል እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። ይቀልዱ። ሐዘንተኛ የሚይዘው ካጣ ይወድቃል፤ እሷ ጨርቋን ይዛለች።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ከትልቁ ክፍል ምሰሶ ላይ፣ ከትከሻ ከፍ ብሎ፣ ቡናማ እድፍ አየች። ቀረብ ስትል እጅ ነው። የሰው እጅ።

ደሟ ፈላ። የሩዝ ፉርሽካዋን አንስታ ፈተገችው። የአናጢ ሚስት ሆና ይህን መሳት አልነበረባትም፤ እድፍ መጀመሪያ ይታጠባል እንጂ ቅባት አይቀባም። ቅባቱ እድፉን ወደ ውስጥ ነዳው፣ ዳር ዳሩን አደበዘዘው፣ መሐሉን አጠቆረው። ስትጨርስ ጣት ከጣት አይለይም ነበር። ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም።

ማን እንደነካው ለመጠርጠር አልተቸገረችም። በቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ያለችው ምራቷ ቺዙሩ ናት። ልጇ ናጎያ ፋብሪካ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ቺዙሩ ግን አማቿን ለማስታመም ጥር ላይ መጥታ እዚያው ቀርታለች። ወረቀቱ የተላጠ ዕለትም አጠገቡ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

«አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«እኔ አልነካሁም፣ እማዬ።»

«እኔ አልነካሁ፣ አንቺ አልነካሽ። ታዲያ ምሰሶው ራሱን ዳበሰ?»

ቺዙሩ አንገቷን ደፋች። አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ከተላቀቀ በኋላ መልሳ ገጠመችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ አማት ፊት የሚቆም ዝምታ ግን ጥፋተኛ ይመስላል። ኪኑዮ በማግስቱ አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት ገዝታ ከምራቷ ትራስ አጠገብ አኖረችላት። ከዚያ በላይ የሚያዋርድ ቃል ብትፈልግም አታገኝም ነበር። ቺዙሩ ጓንቱን አጠለቀችው። ሐምሌን በሙሉ በዚያ ሙቀት ጓንት አድርጋ በር ከፈተች፣ ጓንት አድርጋ አልጋ አነጠፈች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ገበታ እየበሉ ከ«ጨው አቀብይኝ» በቀር ቃል አልተለዋወጡም። አንዳንዴ ኪኑዮ ቀና ስትል ምራቷ አንዴ ምሰሶውን፣ አንዴ እሷን፣ የሆነ ነገር እንደምትጠብቅ ሁሉ ስታይ ታገኛታለች። ይህም ያናድዳታል።

ነሐሴ ሲቃረብ ጭንቅ ያዛት። ነሐሴ አጋማሽ የቦን በዓል ነው፤ ሙታን ለሦስት ቀን ወደ ቤታቸው ይመጣሉ። ለቶኩጂ ደግሞ ከሞተ የመጀመሪያው ነው፤ ነጭ ፋኖስ የሚሰቀልለት አሁን ብቻ ነው። መጥቶ መጀመሪያ የሚያየው ምን እንደሆነ ታውቃለች። አንድ አደራ ሰጥቷት ነበር፣ እሱንም አልጠበቀችም። ሌሊት ሌሊት ይህን እያሰበች አለቀሰች።

ስለዚህ ከታችኛው መንደር እንጨት አጣቢውን ሽማግሌ ሞንዞን አስጠራች። ቺዙሩን፣ በእንግዳ ፊት ላለማሳፈር ይሁን ዓይኗን ላለማየት፣ ፋኖሱን እንድታመጣ ከተማ ላከቻት። ሞንዞ የእድፍ ማስለቀቂያ መድኃኒቱን በብርጭቆ ለካ፣ ጫፉ እንደ መጥረጊያ የተሰነጠቀ የቀርከሃ ቡሩሹን ነከረ። ኪኑዮ ማየት አልፈለገችም። ወጥ ቤት ገብታ ለሙታን የሚቀርበውን ኪያርና ደበርጃን አጠበች።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሞንዞ ጠራት። ምሰሶው ትናንት የተላገ መስሏል። እፎይ አለች፤ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው፣ የገብስ ሻይ ቀዳችለት። እሱም ላቡን እየጠረገ ወሬ ጀመረ።

«ቆንጆ እንጨት ነው፣ እትዬ። እድፍ ደግሞ ልማዱ ነው፣ ሊጠፋ ሲል አንዴ ይደምቃል። መድኃኒቱ እንደነካው እጁ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የእጅ ሥራ ሰው ነው መሰለኝ፣ ሰፊ መዳፍ። ግራ እጅ ነው። የቀለበት ጣቱ ግን ግማሹ የለም።»

ኪኑዮ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። አዲሱ ወለል ላይ፣ ትኩሱን፣ ታቹን ሳትጠርግ። ሞንዞ ብዙ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ነውና ፊቷን አይቶ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቺዙሩ ስትመለስ አማቷ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ቺዙሩ ምሰሶውን አየች። ነጩ ፋኖስ ከነወረቀቱ ከእጇ ወደቀ።

«አጠፉት?» አለች። በሰባት ወር ውስጥ ስታለቅስ ኪኑዮ ያየቻት ያን ጊዜ ነው። «እማዬ፣ አጠፉት እንዴ?»

«የእሱ ነበር።»

«አባዬ ወረቀቱን ልጠው ሲጨርሱ አዞራቸው። ልደግፋቸው ስሮጥ ምሰሶውን ያዙ። ከዚያ እጃቸውን አነሱና አዩት፣ ሳቁም። ‹አርባ ዓመት በዚህ ስነዘንዛት ኖሬ› አሉ። ልጥረገው ብል እምቢ አሉኝ። ‹ተዪው፣ እንዳትነግሪያት። ሲወጣ እኔ የለሁም። እጄን ታውቀዋለች፣ ራሷ ታገኘውና እንደልቧ ትስቅብኛለች› ብለው አስማሉኝ። እኔ ደግሞ ዛሬ ያውቁታል፣ ነገ ያውቁታል እያልሁ...»

የቀረውን ዕንባ ወሰደው።

«አላወቅሁትም» አለች ኪኑዮ። ያን እጅ አርባ ዓመት አጥባዋለች፣ እሾህ ነቅላለታለች፣ ጣቱ የተቆረጠ ዕለት ደሙን በራሷ ቀሚስ ይዛለች። አጠገቡ ተኝታ በጨለማ የምታውቀው እጅ ነው። «ሰላም ሊለኝ ወጣ። እኔ በፉርሽካ ፈተግሁት፤ ያ አልበቃ ብሎኝ ሰው ቀጥሬ አሳጠብሁት።» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ሰምታለች፤ በራሷ ሲደርስ ግን ተረት አልሆነላትም። ደረቷን ይዛ ጮክ ብላ አለቀሰች፣ ለቀብሩ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

አመሻሽ ላይ ሁለቱ ፋኖሱን ሰቀሉ፣ በሩ ላይም ቶኩጂ መንገዱን እንዳይስት እሳት አነደዱ። ከዚያ ኪኑዮ ምራቷን ወደ ምሰሶው ወሰደቻት። የት ላይ እንደነበረ ልኩን እንድታሳያት ጠየቀቻት፤ የእሷ ዓይን የሚያየው ነጭ እንጨት ብቻ ነው።

ቺዙሩ ጓንት ያጠለቀ እጇን አነሳች። ከትከሻዋ ከፍ አድርጋ፣ ሳታስነካ፣ በእንጨቱና በመዳፏ መካከል አንድ ጣት ያህል ትታ አቆመችው።

ኪኑዮ ያን እጅ ያዘች። ጓንቱን ከጣቶቹ ጫፍ ጀምራ ሳበችና አወለቀችው። ሐምሌን ሙሉ ፀሐይ ያላየው እጅ በላብ ነጥቶ ተሸብሽቧል። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ንኪው፣ ልጄ» አለቻት።