በረዶ ሰባሪዎቹ ፈረሶች

ቶክሳንን የሰደበው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ኤርጋዚ ነው። ቀኑንም አይረሳውም። ኅዳር ገብቶ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት ነበር፤ ኤርጋዚ ለብርዱ ወራት የሚሆን የሰባ ፈረስ አሳርዶ፣ ለተጠራው ሰው ደግሞ በግ ጥሎ፣ መንደሩ ሁሉ በትልቁ ሳህን ዙሪያ በተቀመጠበት። ሥጋ ሲታደል ጭንቅላቱ ለሽማግሌ፣ ዳሌው ለክቡር እንግዳ፣ ፍርምባው ለአማች ነው። ይህን እዚያ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ቶክሳን ደግሞ በዚያ ቤት አማችነት ፀጉሩ ሸብቷል። ኤርጋዚ ግን ፍርምባውን አለፈና አንገቱን አንሥቶ ፊቱ አስቀመጠለት። አንገት የቅጥር እረኛ ድርሻ ነው።

«ፍርምባ ለሚያርድ ሰው ነው፤» አለ እጁን በፎጣ እየጠረገ። «አንተ ከብት ልትከተል እንጂ ልትበላ አልተፈጠርክም። ይኸውልህ ድርሻህ!»

ሰው ሳቀ። በተለይ ሙካሽ፣ ያ ቶክሳን ትራክተሩን ከወንዝ ጎትቶ ያወጣለት ሙካሽ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የቶክሳን ሚስት ባልዚያ አቀርቅራ ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። ቶክሳን አንገቱን ጋጠ፣ አመሰገነ፣ ወጣ።

የነገሩ ሥር ድርቁ ነበር። በዚያ ዓመት ፀሐይዋ ከግንቦት ጀምራ ሜዳውን ጠበሰችው። ሣሩ ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ሆነ፤ የሚታጨድ ሲጠፋ ሰው ከሐይቁ ዳር ሸምበቆ እያጨደ ከመረ። ሸምበቆ የከብት ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። እንዲህ ባለ ዓመት ልብ ያለው ሰው ክምሩን አይቶ ከብቱን በልኩ ይቀንሳል፤ ያረጀችውን፣ የመከነችውን፣ ጥርሷ ያለቀውን ለሥጋ ይሸጣል። ቶክሳንም ከብቱን የማያውቅ ሰው አይደለም። ኤርጋዚ «ሽጥ፣ እረድ» እያለ ሲወተውተው ዘገየ እንጂ ከነጭ ፊት ቀይ ላሞቹ የሚሸጡትን በዓይኑ ለይቶ፣ ሥጋ ነጋዴውንም ቀጥሮ ነበር። ይሄኔ ነው ኤርጋዚ በሰው ፊት «ለሚያርድ» ያለው።

«እንግዲህ አንዲት ጊደር ብሸጥ እሱን ፈርቼ ይመስለዋል፤» አለ ቶክሳን፣ ነጋዴውንም ከበር መለሰው።

«አባወራ፣ እልህ ድርቆሽ ይሆናል እንዴ?» አለችው ባልዚያ።

ጥር ላይ ዝናብ ዘነበ። በረዶ ላይ የሚዘንብ ዝናብ በጠላትህም አይድረስ። ማግስቱን ብርዱ ሲመለስ ሜዳው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ለበሰ። ሽማግሌዎቹ ይህን ከብት ጨራሽ በረዶ ጁት ይሉታል፤ ቃሉን ግን ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። ሣሩ ከሥር አለ፣ ከብት አይደርስበትም። ላም በረዶ የምትገፋው በአፍንጫዋ ነው፤ ቆፍራ የምታወጣበት የፈረስ ሰኮና የላትም። የቶክሳን ላሞች የረገጡት የበረዶ ቅርፊት እየተሰበረ ቅልጥማቸውን ላጠው፤ ከበረቱ እስከ ግጦሽ ጉብታው በሄዱበት ሁሉ ደም ተንጠባጠበ። ሸምበቆው ወደ ማለቂያው ነው። ላሞቹ ደግሞ ከብደዋል፤ መጋቢት ላይ ይወልዳሉ፣ ከደረሱ።

ቶክሳን መቀመጥ አቃተው። ይነሣል፣ ይወጣል፣ የላም ጎን ይዳስሳል፣ የጎድን አጥንቷ እጁ ላይ ይቆጠራል፣ ይመለሳል። ሻይ ያስቀዳል፤ ሳይጠጣው ደግሞ ይወጣል። ሰማዩን ያያል፣ ነፋሱ ዞረ አልዞረ ብሎ ጣቱን ይልሳል፣ ሚስማር የማያስፈልገው አጥር ላይ ሚስማር ይመታል። ላሞቹ ሲጮኹ ይሰድባቸዋል፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ይደነግጣል። አንድ ጠዋት ሊሸጣቸው ከለያቸው መካከል አሮጊቷ ተኝታ መነሣት አቃታት። እሱና ባልዚያ ከሆዷ ሥር ገመድ አሳልፈው አነሷት። ቆመች፣ ተንገዳገደች፣ ወደቀች። እዚያው አረዳት። ሥጋዋ ጠቁሯል፤ ጮማ የሚባል የለባትም።

«ሂድ ወንድሜ ዘንድ፤» አለች ባልዚያ ቢላዋውን እያጠበች። «ፈረሶቹን ጉብታው ላይ ይልቀቅልን። እነሱ ቅርፊቱን ይሰብሩ፣ ላሞቹ ኋላ ኋላ ይልቀሙ። አባቶቻችንም እንዲህ ነው ያለፉት።»

«አንገት ላበላኝ ሰው?»

«ያበላው አንተን ነው። ላሞቹ ምን አደረጉ?»

ቶክሳን ፈረሱን ጭኖ ሄደ።

ኤርጋዚ ከሙካሽና ከሌሎች የመንደሩ ሰዎች ጋር ግቢው ውስጥ የበረዶ ጋሪ ይጠግናል። ቶክሳን ገና ሳይወርድ ዓይኑ በረቱ ውስጥ ያሉት ፈረሶች ላይ አረፈ። ጭራቸው ተግጧል። ፈረስ ሲርበው የባልንጀራውን ጭራ ይበላል። የአጥሩንም ግንድ ልጠው ነጭ አድርገውታል። የኤርጋዚ ሜዳ ከኅዳር ጀምሮ ሲመላለሱበት ተራቁቷል፤ የቶክሳን ጉብታ ግን ቅርፊቱ ይክበድ እንጂ አፍ ያልነካው ሣር አለበት። ይህን ሁሉ ልብ አለና ከፈረሱ ወረደ።

«ከብቱም ነፍሱም ደኅና ነው፣ ኤርጋዚ አጋ?»

«የእኔስ ደኅና ነው፤» አለ ኤርጋዚ፣ አጋ የተባለበትን ታላቅነት አንገቱን ቀና አድርጎ እያሳየ። «ያንተ ግን ሲያለቅስ እዚህ ድረስ ይሰማል። እንቅልፍ ነሡን እኮ፣ አማች!»

ሙካሽ ሳቀ።

«ፈረሶችዎን ጉብታዬ ላይ ቢለቁልኝ ብዬ ነው፣ አጋ።»

«በረዶ እንዲሰብሩልህ?»

«አዎ።»

«እስቲ ስማኝማ። ሽጥ አላልኩህም? እረድ አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«ድገመው፤ ሙካሽ አልሰማም።»

«ብለውኛል፤» አለ ቶክሳን፣ ጆሮው እየጋለ።

«ኧረ ሰምቻለሁ፤» አለ ሙካሽ። «ግን ለጆሮ ይጥማል፤ አንዴ ይድገምልን።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ኤርጋዚ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ሳቁም ሆዱን ከፈተው መሰል መዶሻውን ጣለና የበረቱን መዝጊያ ራሱ ሄዶ ሳበው።

«ውሰዳቸው። ለእህቴ ስል ነው፤ ላንተማ ኩበትም አላውስ። በረዶው እስኪለቅ እዚያው ይክረሙ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «እናንተም እዩ እንግዲህ! የኤርጋዚ ፈረሶች ባይኖሩ ኖሮ ይሄ ሰው ዘንድሮ የሚያስወልደው ላም ሳይሆን የሚያሰጣው ቆዳ ነበር። ምን ትላለህ፣ አማች?»

ቶክሳን የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የፈረሶችህን ጭራ አሳያቸው። እነዚህ በርሃብ እርስ በርስ የሚጋጋጡ፣ ሣር ፍለጋ ወደ እኔ የሚመጡ ናቸው፤ ታዲያ ውለታው የማን ነው? ይህን ቢል ሙካሽ እንኳ ሳቁን አዙሮ በኤርጋዚ ላይ ያደርገው ነበር። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር እጁ ገብቶ አያውቅም።

ግን ኤርጋዚን ያውቀዋል። በሰው ፊት ተዋርዶ ፈረስ የሚለቅ ሰው አይደለም። መዝጊያውን መልሶ ይገጥመዋል፤ ፈረሶቹ ጭራ ጨርሰው ጆሮ ቢጀምሩም አይከፍትም። እንዲህ ያለውን እልህ ቶክሳን ከማንም አልተማረውም፤ የገዛ ደረቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ድንጉላው ወጣ። ባዝራዎቹ ተራ በተራ ተከተሉት። የመጨረሻዋ ግን መዝጊያው ላይ ቆማ ግንዱን መጋጥ ያዘች፤ ግማሿ ውጭ፣ ግማሿ ውስጥ።

«ምላስህም ቀዘቀዘ እንዴ?» አለ ኤርጋዚ። እጁ አሁንም መዝጊያው ላይ ነው። «ሰው እያናገርኩህ እኮ ነው!»

ቶክሳን ባዝራዋን ጎኗ ላይ መታ አደረጋት። ወጣች። የራሱን ፈረስ ልጓም ይዞ፣ ሳይጋልብ፣ በእግሩ ተከተላቸው። ከኋላው ይስቃሉ። እሱም ሳይዞር፣ የትኛው ሳቅ የማን እንደሆነ በጆሮው እየለየ፣ ወደ ጉብታው ሄደ።