የአንገቷ ካርቶን

ካርቶኑን መጀመሪያ ያየሁት የዩኒፎርሟን ሹራብ ሳወልቅላት ነው። መዳፍ የሚያህል፣ ከጫማ ማሸጊያ ላይ የተቀደደ፣ በሲባጎ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ። የተጻፈበት በእንግሊዝኛ ነው። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬያለሁና ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። «አማርኛ ተናግሬያለሁ» ይላል።

«ሰምሃል፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

የልጅ ልጄ ወለል ወለሉን እያየች «ሌላ ልጅ አማርኛ ሲያወራ ከያዝኩ ለሱ አስርለታለሁ» አለችኝ። «ማንንም አልያዝኩም። ስለዚህ እኔ ጋ ያድራል። ነገ ክፍል እጠርጋለሁ።»

«ምን ብለሽ ተያዝሽ?»

«ኢየሩስ እርሳሴን ስትወስድብኝ ‹አምጪ!› አልኳት። ከዚያ ከበር ስንወጣ ‹ታርጋ ወጣላት! ገዘር፣ ገዘር፣ አንድ ሰው የቀረው!› እያለች እንደ መኪና ረዳት ጮኸችብኝ። ሁሉም ሳቁ።»

ትምህርት ቤቱ የግል ነው። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር አይወራም። ወላጅ ሁሉ የወደደው ሕግ ነው፤ ሳስመዘግባት እኔም ወድጄው ነበር። እናቷ፣ ልጄ ፀዳለ፣ ቆላ ወርዳ ቱርሚ ከተማ፣ መንግሥት ቢሮ ነው የምትሠራው። ልጅቷን ጂንካ እኔ ጋ የተወችልኝ ለዚሁ ትምህርት ቤት ብላ ነው። በደወለች ቁጥር ግን «ካልሆነላት እወስዳታለሁ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያን መንገድ አውቀዋለሁ። ጎርፉ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ወባው አለ። እናቷ ቢሮ ስትውል ማን ያያታል?

ስለዚህ የካርቶኑን ነገር ለፀዳለ አልነገርኳትም። ሰምሃልን አጠገቤ አስቀምጬ የመሰለኝን መከርኳት።

«ስሚኝ የኔ እናት። ግቢው ውስጥ አፍሽን አትክፈቺ። ዝም ላለች ልጅ ማን ካርቶን ያስርላታል?»

«ቲቸር ሲጠይቀኝስ?»

«እንግሊዝኛውን ካወቅሽው መልሺ። ካላወቅሽው ራስሽን ነቅንቂ።»

«ሽንቴ ሲመጣስ?»

«እስከ እረፍት ቻይው። ትልቅ ልጅ አይደለሽ?»

ካርቶኑ ዳግመኛ ቤቴ አልገባም። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ መምህሯ ጎሳዬ በኮሚዩኒኬሽን ቡኳ ላይ «ጸባይዋ እጅግ ተሻሽሏል፤ አትረብሽም» ብሎ ጻፈልኝ። የወላጅ አስተያየት በሚለው መስመር ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ፈረምኩ። ለፀዳለም በስልክ አነበብኩላት፤ ደስ አላት።

ነገሩ ያልጣመው የበሩ ዘበኛ ዶላሞ ብቻ ነበር። የአሪ ሰው ነው፣ ጨዋታ ይወዳል። አንድ ቀን ስወስዳት አስቆመኝ።

«እትዬ ተዋበች፣ ልጅቷን ምን አገኛት? በአሪኛ ሰላም ትለኝ ነበር፣ እኔው ያስተማርኳት። አሁን እጇን ብቻ አውለብልባ ታልፋለች።»

«ሕጉ ነዋ አቶ ዶላሞ።»

«ሕጉ ከበሩ ወዲያ ነው። እኔ የተቀመጥኩት ከበሩ ወዲህ!»

ዘበኛ ምን አገባው ብዬ እጇን ይዤ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አቋርጬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። እቤትም ውሃ ሲያምራት ወደ ጆጉ መጠቆም ጀምራ ነበር። «አደብ ገዛች» አልኩ ለራሴ። ቀድሞ በወሬዋ ታሰለቸኝ የነበረችውን ልጅ፣ አደብ ገዛች አልኩ።

ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ሰኞ፣ እራቷን ሳትበላ ተኛች። ምን ሆንሽ ብላት ራሷን ነቀነቀች። ማክሰኞ ጠዋት ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ ያው ፈተና ፈርታ ይሆናል ብዬ ቦርሳዋን አሸክሜ ላክኋት። እኔ፣ ስታስነጥስ እንኳ ሎሚ ይዤ የምሮጥ ሴት!

ከምሳ በኋላ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ዶላሞ ሰምሃልን አቅፎ ተቀምጧል። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተጣጥፋ ያገኛት እሱ ነው። ሆዷን ይዛለች፣ እንደ እሳት ትፋጃለች፣ ጥርሷን ነክሳ ዝም።

ሆስፒታል ስንደርስ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል አሉን። ሐኪሙ «ከትናንት ጀምሮ ሲያማት እንደነበረ ያስታውቃል፤ እንዴት ለማንም አልነገረችም?» አለኝ።

መምህር ጎሳዬ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሟል፤ ገና ልጅ እግር ነው፣ ከሩቅ ተቀጥሮ የመጣ። ብርቱካን በፌስታል ይዞ «እማማ፣ ሦስት ጊዜ ደህና ነሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሦስቴም ራሷን ነቀነቀችልኝ» አለ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ፀዳለ በማግስቱ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ፣ አቧራ ለብሳ ደረሰች። አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ የልጇን ፀጉር ዳበሰች።

«ሰሙዬ፣ ለምን አልተናገርሽም? ማነው የከለከለሽ?»

ሰምሃል እኔን አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ያ አስተማሪ ነው» አለች ፀዳለ ቀና ብላ። «አሁኑኑ እከሰዋለሁ። እንጀራውን ነው የማሳጣው!»

መምህሩ ዛሬም ብርቱካን ይዞ ውጭ ቆሟል። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። ሰምሃልም አታወጣብኝም፤ ዝም ማለትን ደህና አድርጌ አስተምሬያታለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «አፍሽን አትክፈቺ ያልኳት እኔ ነኝ። እንዳትወስጅብኝ ብዬ።»

ፀዳለ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የልጇን ብርድ ልብስ አስተካከለችና «ስትድን ይዣት እሄዳለሁ» አለች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሄዱ። ልብሷን እኔው አጣጠፍኩላት፤ አጎበር ሁለት አደረግሁበት።

ፀዳለ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ሰምሃል የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባቷን ነገረችኝ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሐመርኛ ጀምራለች፣ ወሬዋ ቤቱን ሞልቶታል አለችኝ።

«እስቲ አቅርቢልኝ» እላታለሁ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

«ሰምሃል? እማማ ነኝ። ደህና ነሽ የኔ እናት? ሆድሽ ተሻለሽ?»

ትንፋሿ ይመጣል፣ ይሄዳል። ራሷን እየነቀነቀች ይሆናል። በስልክ አይታይ።