ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት እግሮች

ፎልደሩ ባዶ መሆኑን ባየችበት ቅጽበት የኮምፒውተር ባለሙያዋ ምንም አልተሰማትም። የጥርስ ሐኪም መርፌ ያረፈበት ከንፈር እንደሚደነዝዝ፣ መላ ሰውነቷ በአንድ ጊዜ የሌላ ሰው ሆነ። መስኮቱን ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው፤ ያው ባዶ ነው። ከአጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት ቀራጭ ግን ገና እየሳቁ ነበር።

«በይ እንግዲህ መልሺው! እኔ ደምስሼ ጨርሻለሁ» አሏት።

ወርክሾፑ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ነው። ቀራጩ በዚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ ጡረታ ለመውጣት የቀሯቸው ሦስት ወራት ብቻ ናቸው። ለግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት አንድን እግር ሦስት ጊዜ ስለሚያፈርሱ ሁሉም «ጋሽ ሚሊሜትር» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸውም ጭምር። እግሩ የተቆረጠ ሰው ሲመጣ ከተቆረጠው እግሩ የተረፈው ክፍል ቅርጽ ተለክቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል፤ መቅረጫው ማሽንም ያንን ቅርጽ እያነበበ እግሩ የሚገባበትን ማቀፊያ ይጠርባል። ማቀፊያው ባረጀ ቁጥር ሰውየው ይደውላል፤ ሳይመጣ፣ ሳይለካ፣ በልኩ ሌላ ይሠራለታል።

ችግሩ፣ ቅርጾቹን የሚያነበው ፕሮግራም ዕድሜው የገፋ መሆኑ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ቢጭኑት እሺ አይልም። አሮጌው ኮምፒውተር ማጣጣር ሲጀምር ባለሙያዋ ተጠራች፤ የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎችን ቅርጽ ከሞት አፍ መንጭቃ ወደ አዲሱ ገለበጠች። አሮጌው በማግሥቱ ከነዲስኩ ሞተ። ከዚያም በአዲሱ ውስጥ አንድ ምናባዊ ኮምፒውተር ሠራች፤ አካል የሌለው፣ በፕሮግራም ብቻ የቆመ፣ ዘመኑ ዛሬም የዛሬ ሃያ ዓመት የሚመስለው ኮምፒውተር። አሮጌው ፕሮግራም እዚያ ውስጥ ያለ ቅሬታ ሠራ።

«የውጪውን አስተናጋጅ፣ የውስጡን እንግዳ ነው የምንለው» ብላ ቅርጾቹ በጠፉበት በዚያው ማክሰኞ ጠዋት አስረድታቸው ነበር።

«እንግዳውስ ቅርጾቹን ከየት ያገኛል?»

«ከአስተናጋጁ። አንድ ፎልደር በጋራ እንዲጠቀሙ አድርጌያለሁ።»

«በእኛ ጊዜ እንግዳ ሳሎን ነበር የሚቀመጠው። አንቺ ጓዳ አስገባሽው።»

«አንዷን በር ብቻ ነው የከፈትኩለት፣ ጋሼ።»

«ጓዳ ስንት በር አለው፣ ልጄ?»

ሁለቱም ሳቁ። ይሁን እንጂ ጋሽ ሚሊሜትር አዲሱን ኮምፒውተር ይፈሩት ነበር፤ ጣታቸው ከቁልፎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፍርሃታቸውን ልታስለቅቃቸው ስለፈለገች የእንግዳውን ሁኔታ እንዳለ መዝግባ አስቀመጠች። ምንም ቢበላሽ በአንድ ጠቅታ ወደ ጠዋቱ ይመለሳል።

«አይዞዎት፤ ይነካኩት፣ ይስበሩት። ሁሉንም ቢደመስሱት እንኳ እመልሰዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ፋይል እንዳትጠፋ ሲሰጉ የኖሩት ሰው፣ አልጋ ላይ እንዲዘል እንደተፈቀደለት ሕፃን ፊታቸው በራ። ቅርጾቹን በሙሉ መረጡ። ፕሮግራሙ እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቃቸው፤ ቀና ብለው አዩዋት። «ይበሉ፣ ይጫኑት» አለቻቸው። ተጫኑት።

እሳቸው ሳያስተውሉ መመለሻውን ጠቅ አደረገች፤ እንግዳው በእርግጥ ወደ ጠዋቱ ተመለሰ። ሰዓቱ፣ ተከፍተው የነበሩት መስኮቶች፣ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ፎልደሩ ግን የእንግዳው አልነበረም፤ የአስተናጋጁ ነበር። እንግዳውን ወደ ኋላ መመለስ ከእንግዳው ውጪ ያለውን አይመልስም። «ለማንበብ ብቻ» የምትል አንዲት ሣጥን ላይ ምልክት አድርጋ ቢሆን ኖሮ፣ እንግዳው ያያል እንጂ አያጠፋም ነበር። ይህንን ታውቃለች፤ ዘጠኝ ዓመት ለሌሎች ስታስተምረው ኖራለች። ቅጂ ልትይዝ ያሰበችው ደግሞ ሐሙስ ነበር።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጋሼ» አለች።

ትንሹ ሁለት ቀን ሆነ። የጠፋ ነገር ይፈልጋሉ የሚባሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ ሞከረች። ዐሥራ አንድ ፋይሎች ተገኙ፤ ሲከፈቱ ተጨማድዶ የተጣለ ወረቀት ይመስሉ ነበር፤ የሰው እግር የሚመስል አንድም አልነበረም። ምሳዋን በላች፤ ኩባያዋን አጠበች። ታላቅ እህቷ ደወለች።

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አያወራም።»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

ረቡዕ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ወርክሾፑ ውስጥ ገብቶ የሆነውን ሲጠይቅ፣ አፏን ሳትከፍት ጋሽ ሚሊሜትር ቀደሟት። «እኔ ነኝ። የኔ ጣት ነው የነካው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዞረ። እሷም ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ብሎን አየች። ለመዋሸት አልወሰነችም፤ ለመናገርም አልወሰነችም። ምላሷ አፏ ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀምጦ ነበር። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሚሊሜትር ኮታቸውን ሳያወልቁ ቁልፋቸውን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሳቆም ኖሬ በአንድ ጣት ሁሉንም ጣልኳቸው። ከእንግዲህ በዚህ እጅ ማንም አይታመን» ብለው ወደ መሥሪያቸው ተመለሱና ሞረዶቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። ትልቁን፤ መካከለኛውን፤ ጥርሱ ያለቀውን። ባለሙያዋ ቆማ ታያለች። አራተኛውን ሲያነሡ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች። እየሄደች መሆኗን ያወቀችው በሩ ጋ ስትደርስ ነበር።

«እሳቸው አይደሉም። ደምስሱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በሩን ክፍት የተውኩትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ?»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

ምክንያቱን ከልቧ ፈለገችው፤ አላገኘችውም። «አላውቅም» አለች።

ጋሽ ሚሊሜትር ሞረድ እንደያዙ ከኋላዋ ቆመው ነበር። ይጮኹብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኹም።

«የሰዎቹን ስም በቃሌ ልቆጥር እሞክራለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አርባ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፤ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ሁለት ቀን ይኸው ነው ሥራዬ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»

«የጠፋው የእኔ አይደለም፤ የባለቤቶቹ ነው። ለሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱም ትደውያለሽ። ማሽን ተበላሸ አትይም፤ ሲስተም ምናምን አትይም። እኔ አጠፋሁት፣ ይምጡና እንደገና ይለኩ ትያለሽ። መደወል ስትጀምሪ እኔም ኮቴን ሰቅዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።»

«ጋሼ፣ የድርጅቱ ስም እኮ...» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የድርጅቱ ስም የሚሄደው በእነዚህ ሰዎች እግር ነው!»

ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥተው ወጡ። ልጄ አላሏትም።

ከደንበኞች የስልክ መዝገብ መጀመሪያ የደወለችላት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በማግሥቱ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እግሯን እየፈታች «የኔ ልክ እዚህ አልነበረም እንዴ? በስልክ የነገርሽኝ አልገባኝም» አለች።

«ነበረ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«እግሬን ሁለት ጊዜ አጣሁት በይኛ!» ልብስ ሰፊዋ ጭኗን መትታ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ባለሙያዋን ትንሽ አየቻት። «መጀመሪያ ያሳጣኝ ሰው፣ የገጨኝ ሾፌር፣ እኔ ነኝ እንኳ አላለኝም።»

ጋሽ ሚሊሜትር ተንበርክከው ሜትራቸውን ጠመጠሙ። ልብስ ሰፊዋ እንዳትወድቅ የባለሙያዋን ትከሻ ይዛ ተነሣች።

«ከጉልበት አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ሦስት መቶ ዐሥራ አምስት ሚሊሜትር። ቆይ፤ ዐሥራ ስድስት።»

ባለሙያዋ በአንድ እጇ ጻፈች።

«ከበድኩሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አዎ» አለች። መክበዷን ያወቀችው ስትጠየቅ ነበር። ልኬቱ እስኪያልቅ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችና ሁለተኛውን ቁጥር መታች። ረጅም ጊዜ ጠራ።

«ሄሎ? ማን ልበል?» አለ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ።

ነገረችው።