ሃያ ደቂቃ የምትሄድ መኪና

«እጁ ወርቅ ነበር» አለ ሲሞር፣ ሦስተኛውን የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ። «ወንድሜ ስለሆነ አይደለም። የሞተ ሞተር መርቪን ዘንድ ከመጣ ተነስቶ ይሄድ ነበር።»

ለቅሶ የደረሱት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃሪየት ከሲሞር ጎን፣ እንደሱው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መርቪን ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በአይሁድ ልማድ በሰባቱ የለቅሶ ቀን ሐዘንተኛ የቆዳ ጫማ አያደርግም፣ ሥራም አይነካም። ባሏ አርባ ዓመት የቆዳ ጫማ ሲሸጥ ኖሮ ሚስቱ በጨርቅ ጫማ ታዝንለታለች።

«ሃድሰን መኪናዋን የጠገንኳት እኔ ነኝ» አለች ሃሪየት።

አንዲት ጎረቤት እጇን ያዝ አድርጋ፣ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ሐዘን ነው፣ ያልፋል» አለቻት። ትኩሳት የያዛት ይመስል።

ሃድሰኗ ከወጥ ቤቱ በር ወዲያ፣ ጋራዥ ውስጥ ነበረች። የ1951 ሥሪት፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ዝቅ፣ ወገቧ ሰፋ ያለ። የመርቪንና የሲሞር አባት እሷ የተሠራችበት ፋብሪካ ውስጥ በር ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፤ ሲሞት መኪናዋን ለሁለቱ ልጆቹ እኩል አወረሰ። ሲሞር ድርሻውን በሥራ አሳይቶ አያውቅም። አሁን ግን ለከተማው ሙዚየም ሊሰጣት ቃል ገብቷል። ሰኞ ቀትር ላይ የጭነት መኪና ይመጣል፣ ትጫናለች፣ ገመድ ይታጠርባታል፤ ከፊቷም «በመርቪን ዛልክ ወርቅ እጆች የታደሰች» የሚል የናስ ጽሑፍ ይቆማል።

«ግማሿ የኔ ናት» አለ ሲሞር።

«ግማሽህን ውሰዳ። መጋዙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎልሃል።»

«ሃሪየት፣ እንነጋገር ከተባለ፣ መኪናዋ ሃያ ደቂቃ ሄዳ ቀጥ ትላለች። ከሰኔ ጀምሮ። መርቪን ታመመ፣ የሚያድናት ጠፋ። አንቺ ጋ ቆማ ከምትዝግ ሰው ይያት።»

«ካዳንኳትስ?»

«አንቺ?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትጠፋ ከሠራች እዚሁ ትቀራለች። እሺ በለኝ፣ ሰው ይስማ።»

«ሰባቱ ቀን ሳያልቅ እጅሽን ዘይት ውስጥ ልትነክሪ?»

«እጄን እነክራለሁ ማን አለ?»

ሲሞር ዙሪያውን አየና «እሺ» አለ። እንደማይሸነፍ እርግጠኛ የሆነ ሰው ለጋስ ነው።

የሃሪየት አባት በዴክስተር ጎዳና ላይ ጋራዥ ነበረው። በአሥር ዓመቷ ከመንገድ ማዶ ቆማ የትኛው ካንዴላ እሳት እንደማይሰጥ በጆሮዋ ትለይ ነበር። ስታገባ፣ መርቪን ከአባቱ የወረሳትን መኪና እያየ የሚቆዝም፣ ግን በየት በኩል እንደምትከፈት የማያውቅ ሰው ሆኖ አገኘችው። ጥገናው ሁለት ክረምት ፈጀባት። ሞተሩ ተበትኖ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተዘረጋ፤ እራት ለመብላት በላዩ እየዘለሉ ያልፉ ነበር። የመርቪን ሥራ ሁለት ነው፤ መብራት መያዝና የጥገናውን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ማንበብ። የሚያነበው በጫማ ሻጭ ድምፅ ነበር። «ይቺ ቀለበት ደግሞ» ይላል፣ «ለእመቤቴ ልክክ ነው የምትልላቸው።» መብራቱን ግን አያንቀሳቅስም። ክንዱ እስኪደነዝዝ፣ ባሳየችው ቦታ ላይ ይይዘዋል።

እሑድ፣ በስድስተኛው ቀን፣ የምኩራቡ መምህር ረቢ ግሮስ ከሰዓት በኋላ መጡ። ወጣት ናቸው፣ ጺማቸውም ገና እየተመካከረ ነው።

«ረቢ» አለች ሃሪየት፣ «በለቅሶ ላይ ስለ ሟች ማውራት ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል ብቻ? የምንቀመጠው ለሱ ነው።»

«ጋራዥ ውስጥስ?»

ረቢው ብዙ ዓመት ተምረዋል፣ ይሄ ግን አልደረሳቸውም። «ቦታ… አልተወሰነም» አሉ።

«ጥሩ። በርጩማዬን ይያዙልኝ።»

ሲሞርም የራሱን በርጩማ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተከተለ። ሁለቱ ሐዘንተኞች ከተከፈተው የመኪናዋ ኮፈን ግራና ቀኝ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው አጠገብ ደርሶ ተቀመጡ። መንካት ለሁለቱም ክልክል ስለሆነ የሚነካ ሰው ተፈለገ። ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም ዶክተር ፒንስኪ እጅጌውን ሰበሰበ። ረቢው መሪው ጋ ገብተው እንዲያስነሱ ታዘዙ፤ የታዘዙትም ደስ እያላቸው እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

የጋራዡ በር ተከፈተ፣ የኅዳር ብርድ ገባ፣ ሞተሩ ተነሳ። በሃያ አንደኛው ደቂቃ ተንገጫገጨችና ጠፋች።

«ቦቢናው ነው፣ እሳት ከልክሏታል!» አለ ሲሞር።

«ቦቢናውን በሐምሌ ቀይሬዋለሁ።»

«መርቪን ነው የቀየረው።»

«ዶክተር፣ አንዱን የካንዴላ ሽቦ ይንቀሉና ጫፉን ሞተሩ ጋ ያስጠጉት። የሽቦውን የጎማ ልባስ ይያዙ፣ ብረቱን አይንኩ። ረቢ፣ ቁልፉን አንዴ ያዙሩት።»

ጠሽ አለ።

«ሰማያዊ!» አለ ዶክተሩ።

«እሳት አለ ማለት ነው። አሁን ቤንዚን ካርቡራተሩ ጋ ደርሶ እንደሆነ ይዩልኝ።»

ዶክተሩ ከደረት ኪሱ ትንሿን የጥርስ መስታወት አወጣ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ይዟት ይዞራል። አጎንብሶ በካርቡራተሩ ጉሮሮ አሳልፎ አየ። ረቢው የቤንዚኑን ፔዳል ቢረግጡ ቢረግጡ ጠብታ አልረጨም።

«ደርቋል። ጥርስ ቢሆን ነቅዬው እገላገል ነበር» አለ ዶክተሩና ሳቀ። «አይ መርቪን! ትዝ ይልሃል ሲሞር፣ ‹ይሄን እንዴት ሠራኸው?› ስንለው ምን እንደሚል? ‹እኔ ምን አውቄ፣ ሃሪየትን ጠይቋት!› አንዴ እንኳ ሳይስቅ። ስንት ዓመት አሳቀን!»

ሃሪየት ቀና ብላ አየችው።

ይሄ ቀልድ የተጀመረው መኪናዋ መጀመሪያ በወጣችበት እሑድ ነበር። ውድዋርድ ጎዳና ዳር አቁመው ወንዶች ከበቧት። ሞተሩን ማን ሠራው አሉ። መርቪን «ሚስቴ» አለ። ሳቁበት። «እውነቴን ነው፣ እኔ መብራት ነው የያዝኩት» ሲል ደግሞ ሆዳቸውን ያዙ። በሚቀጥለው እሑድ ደገመው። ሠላሳ አምስት ዓመት፣ በየእሑዱ፣ ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን ተናገረ፤ ያተረፈው የቀልደኛነት ስም ነው። ማታ መኪናዋን ሲያስገቡ፣ «ዛሬም ነገርኳቸው» ይላታል። «አውቃለሁ፣ ሰማሁህ» ትለዋለች።

«ዶክተር» አለች ሃሪየት፣ «ወደ ኋላ ይሂዱ። የቤንዚን ቋቱን ክዳን ቀስ አድርገው ይክፈቱልኝ። ሌሎቻችሁ ዝም በሉ።»

ፓምፑ አዲስ ነው። ቱቦውን በነሐሴ ነፍታዋለች። ከቋቱ እስከ ካርቡራተሩ ድረስ ያልመረመረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለምን እንዳልመረመረችውም ያን ጊዜ ገባት።

ክዳኑ ሲፈታ መኪናዋ አየር ሳበች። ረጅም፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው።

«ሰማችሁ?» አለች ቀስ ብላ። «ጠርሙስ አፍህ ላይ ደግነህ ስትጠጣ አየር ካልገባ ውሃው ይቆማል። ቤንዚኑም እንደዚያ ነው። የድሮው ክዳን መተንፈሻ ነበረው። ይሄኛው የለውም።»

«ማን ነው የገጠመው?» አለ ሲሞር።

በሰኔ፣ ልደቷ ቀን፣ መርቪን የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። ያኔ ከስቶ ነበር፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ይሽከረከራል። ውስጡ መስታወት የሚመስል ክዳን፣ ከነመቆለፊያው። «ራሴ መረጥኩት» አለ፤ «ራሴ ነኝ ደግሞ የምገጥመው፣ መብራቱን አንቺ ያዢ።» ገጠመው፣ በእጅጌው ወለወለው፣ ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ ሃሪየት ሁለት ቦቢናና አንድ ፓምፕ ቀየረች። ክዳኑን በየሳምንቱ ትወለውለው ነበር።

«መርቪን ነው የገጠመው» አለች።

«ውሸት! መርቪን እንደዚህ አይሳሳትም።»

«መርቪን ካቻቢቴ ከሹካ አይለይም ነበር፣ ሲሞር። ዕድሜ ልኩን ነገራችሁ። ሳቃችሁበት።»

ሲሞር ዶክተሩን አየ፤ ዶክተሩ መስታወቱን አየ።

«ይሄን ነገር ለሰው አታውሪው» አለ ሲሞር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የወንድሜን ስም…»

«ስሙ ምን ሆነ? በዚህ ሰፈር እውነት የሚናገር እሱ ብቻ ነበር። አወራለሁ። ነገም አወራለሁ። ዶክተር፣ ክዳኑን ላላ ያድርጉት፤ ረቢ፣ ያስነሷት። ሲሞር፣ ሰዓትህን ያዝ።»

ሞተሩ ተነሳ። ሃያው ደቂቃ አለፈ። ሠላሳው አለፈ። ለማታው ጸሎት የሚመጡት ወንዶች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ደጅ ላይ ተሰበሰቡ፤ ለጸሎቱ የሚያስፈልጉት አሥር ሰዎች ሞሉ።

«ጸሎቱ ደርሷል» አሉ ረቢው። «ሞተሩ ይጥፋ?»

«አርባ አንድ ደቂቃዋ ነው» አለች ሃሪየት። «አይጠፋም።»

ረቢው ወደ ተሰበሰቡት ዞሩ። ይሄም አልደረሳቸውም። «እንግዲህ ጮክ እንበል» አሉ።

እዚያው ደጅ ላይ ቆሙ። ሲሞር የሙታኑን ጸሎት ጀመረ። መሀል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። የሞተሩ አልተቆረጠም። ሃሪየት የቀረውን ቃል አቀበለችው፣ እሱም እስከ መጨረሻው ደረሰ።

ሲጨርስ ሰዓቱን አየ። «ስልሳ አራት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከመጡት አንዱ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ጣል አድርጎ፣ «እንዴት ነው የምትዘምረው! መርቪን ምን አድርጓት ሞተ?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ» አለ ሲሞር። «ሃሪየትን ጠይቃት።»

ሰውየው ሳቀ። ሲሞር አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ለሙዚየሙ ሊደውል ወደ ግቢው ጥግ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሰባቱ ቀን ሲያበቃ፣ ረቢው መጥተው፣ «ተነሱ» አሏቸው። እንደ ልማዱ ሁለቱ ሐዘንተኞች ብሎኩን በእግራቸው ዞሩ። ማእዘኑ ላይ ሲሞር፣ «ቀዳዳ ያለው ክዳን ሰባት ዶላር ነው» አለ። «እኔ ልግዛልሽ።»

«እንዳታመጣብኝ» አለችው።

ቤት ገብታ የቆዳ ጫማዋን አደረገች። ጋራዥ ሄዳ ክዳኑን ፈታችና እንዳይጫር በጨርቅ ጠቅልላ የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰረችው። ከመሰርሰሪያው ትራፓኖ ጫፎች ቀጭኑን፣ የመርፌ ያህሉን መረጠች። ከሁሉም በፊት ጣቷን በክዳኑ ላይ አዞረች፤ ቀዳዳው ሰው የማያየው ጠርዝ ላይ መሆን ነበረበት። ከዚያ በሳች። ፍቅፋቂውን እፍ አለችው፣ በጨርቁ ጠረገችው።

መተንፈሱን ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው። ክዳኑን አፏ ላይ ገጥማ ሳበች። ቤንዚን ቤንዚን፣ ብረት ብረት አላት። አየሩ ቀጥኖ፣ ቀዝቅዞ አለፈ።

አንዴ ይበቃ ነበር። ደገመችው።