በሩ የላይኛው ወረዳ፣ ግድግዳው የታችኛው

የወይዘሮ ብርኽቲ ቤት በሩ በላይኛው ወረዳ፣ ጓሮው በታችኛው ወረዳ ነው። ያንን ድንበር ያሰመረው ሰው የዶሮ ማነቂያን ሰፈር በእግሩ ረግጧት አያውቅም፤ ቢረግጣት ኖሮ መስመሩን በሰው አልጋ ላይ አያሳልፈውም ነበር። ደግነቱ አርባ ዓመት ሙሉ ማንንም አላስቸገረም። ያስቸገረው የጓሮው ግድግዳ ሆዱን ወደ ውስጥ ነፍቶ ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰነጠቀ ጊዜ ነው። ከግድግዳው ሥር የወይዘሮ ብርኽቲ አልጋ አለ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ አልጋው የሚዞርበት ሌላ ቦታ የላትም።

የቀበሌ ቤት ደግሞ ያለ ፈቃድ አይነካም። ስለዚህ ፒያሳ ወርቅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ልጃቸው ዊንታ ከመጋቢት ጀምሮ ደጅ መጥናት ያዘች። የፈለገችው አንዲት ወረቀት ናት፤ ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳውን አፍርሶ ለመሥራት የሚያስችል የጥገና ፈቃድ። ግንበኛው ተገኝቷል፣ እንጨቱም ተገዝቶ ደጅ ተደግፏል።

«በሩ የኛ ነው፣ ግድግዳው ግን የነሱ ነው» አሏት የላይኛው ወረዳ።

«ግድግዳው የኛ ቢሆንም ቤት የሚታወቀው በበሩ ነው» አሏት የታችኛው።

አንዱ ጸሐፊማ ግድግዳው ሆዱን እየገፋ ነው ስትለው እየሳቀ፣ «ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? ቂጣም ከሆነ ይጠፋል፣ ሽልም ከሆነ ይገፋል» አላት። ዊንታ ምላሷ አጭር አይደለም። ጉዳይ ያለው ሰው ግን ምላሱን ቤቱ ቆልፎበት ነው የሚወጣው። አብራው ሳቀች፣ ከበሩ እንደወጣች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሰኔ እንደገባ ሁለቱ ወረዳዎች በስንት መከራ ተስማሙና አንድ ባለሙያ መደቡላት። ስሙ ፈቀደ ነው። የሰፈሩ ልጆች፣ ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ያህል እንዳላገጠበት ይጫወቱበታል። የሥራው ደንብ አጭር ናት፤ ጉዳቱን በዓይኑ ካየ ይጽፋል፣ ካላየ አይጽፍም።

ዊንታ ያን ዕለት ማታ በደስታ ገብታ እናቷን፣ «አደይ፣ ነገ ከስምንት ሰዓት በኋላ ከወረዳ ሰው ይዤ እመጣለሁ። ቤቱን ሊያይ ነው» አለቻቸው። ይህንኑ ብቻ። ስንጥቁን ሊያይ ነው አላለችም። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ቤት ሌላ ወሬ ስላልነበረ መናገሩ አልታያትም።

ወይዘሮ ብርኽቲ ግን የሰሙት ሌላ ነገር ነው። እንግዳ፣ ያውም የመንግሥት ሰው፣ ቤታቸውን ሊያይ ነው። እሳቸው ባላቸው የሞቱ ዕለት እንኳ፣ ለቀስተኛው ሳይገባ በፊት የተቀደደውን መጋረጃ እያነቡ የሰፉ ሴት ናቸው። ገመናን ለባዳ ማሳየት በሳቸው ዘንድ ከረሃብ ይከፋል። በማግሥቱ ልጅቱ ሥራ እንደሄደች ጎረቤታቸውን ረይሀናን ጠሩ። ረይሀና ባለ ሱቅ ናት፣ እጇ ሥራ ይወዳል፤ የተረፋትን ኖራ ይዛ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ጭቃውን በጭድ አቡክተው ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ደፈኑት፤ የተነፋውን ለስነው አስተካከሉት፤ በላዩ ላይ ኖራ ቀቡት። ከዚያ ወይዘሮ ብርኽቲ ለፋሲካ ብቻ የሚወጣውን ነጠላ ለብሰው ተቀመጡ።

ዊንታ በዘጠኝ ሰዓት ፈቀደን ይዛ ስትገባ መጀመሪያ የመሰላት ቤት የተሳሳተች ነው። ግድግዳው ነጭ ነበር። እናቷ ወንበር በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ግባ የኔ ልጅ፣ ቤት ለእምቦሳ» ይላሉ።

«እምቦሳ እሰሩ» አለ ፈቀደ፣ ግድግዳውን እያየ። ሄዶ በጣቱ ነካው። ጣቱ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። «እርጥብ ነው። እማማ፣ ይሄን ማን ፈቅዶልዎት ነው የለሰኑት?»

«ደግሞ ለገዛ ቤቴ!» ብለው ሳቁ ወይዘሮ ብርኽቲ። የተመሰገኑ መስሏቸው ነበር።

ዊንታ ደሟ ፈላ። እናቷን ልትቆጣ ዞረች፣ ነጠላውን አየች፣ አልቻለችም። ከመደርደሪያው ማንኪያ አንስታ ኖራውን ትፍቅ ጀመር። ጭቃው በእጇ ላይ ይረግፋል፣ ስንጥቁ ከሥሩ አፉን ይከፍታል።

«ይኸው! ይኸው እየው! እጅህን አስገባበት!»

«እህቴ፣ ይሄማ አሁን አንቺ ያፈረስሽው ነው» አለ ፈቀደ። ክፉ ሰው መስሎ እንኳ አልተናገረም፤ ዊንታን ያቃጠላት እሱ ነው። ቁጭ ብሎ ጻፈ፤ ያለ ፈቃድ ጥገና ስለተደረገ ማመልከቻው ተዘግቷል፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ እንደገና ማመልከት አይቻልም። ወይዘሮ ብርኽቲ እስከ ደጅ ሸኙት።

ግድግዳው የወደቀው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነበር። ወይዘሮ ብርኽቲ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ነበሩ እንጂ አልጋው ከነፍራሹ ጭቃው ሥር ነው የገባው፤ ጣሪያውም ተከትሎት ወረደ። ዊንታ ከፒያሳ እየሮጠች ስትደርስ እናቷን በረይሀና ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ሦስት ወር «የነሱ ነው» ሲባባሉ የከረሙት ወረዳዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ከች አሉ፤ ሁለቱም «ቦታው የኛ ነው» እያሉ። ፈቀደም ሜትሩን ይዞ መጣ። ጥገና የሚፈቀደው ለቆመ ቤት ነው፣ የወደቀ የቀበሌ ቤት ወደ መንግሥት ይመለሳል። ለወይዘሮ ብርኽቲ የቀረላቸው ምትክ ቤት የሚጠብቁ ሰዎች ተራ ውስጥ መግባት ነው፤ ለዚያም ቅጹ ላይ መፈረም ያስፈልጋል።

ዊንታ ስለ እናቷ ልትፈርም ቅጹን አነበበች። «የፈረሰበት ምክንያት» ከሚለው ጎን ፈቀደ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ ሞልቶታል፤ ነዋሪዋ ያለ ፈቃድ ባደረጉት ጥገና።

«ይሄን አልፈርምም።»

«ካልፈረምሽ ስማቸው ተራ ውስጥ አይገባም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በፋይሉ ያለው እሱ ነው። ሌላ ነገር ልጽፍ አልችልም።»

ወይዘሮ ብርኽቲ ከተቀመጡበት ወደ ልጃቸው ቀና አሉ። ፊደል አልቆጠሩም።

«ጓለይ፣ ምን ይላል? በምን ወደቀ ይላል?»

ረይሀና አንገቷን ደፋች። ዊንታ ወረቀቱን እንደገና የምታነብ መስላ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች።

«ዝናቡ ነው ይላል፣ አደይ።»

ወይዘሮ ብርኽቲ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። 

«ተመስገን» አሉ። «እኔኮ የደረብንበት ጭቃ ከብዶት ይሆን ብዬ፣ እኔ ነኝ ቤታችንን ያፈረስኩት ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።»

ዊንታ ፈቀደን እስክሪብቶ ጠየቀችውና ፈረመች።