አፍ የማይደፍረው ስም

ሱረያ የልጇን ጥፍር እየቆረጠች ነበር። ሕፃኑ ጡት እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶታል። እሷም አንድ አንድ ጣቱን ለይታ ትይዛለች፣ ትንሿን መቀስ ታስጠጋለች፣ ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች፤ የተቆረጠችውን ስባሪ ጉልበቷ ላይ በዘረጋችው ሶፍት ታኖራለች። አራተኛው ጣት ላይ ስትደርስ የባሏ እናት ረሕማ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

«እሳቸው ተኙ?» አሉ በሹክሹክታ።

«የትኛው እሳቸው፣ እማዬ?»

«ትንሹ።»

«ተኝተዋል።»

«እንግዲያው ሲነቁ ልብሳቸውን ቀይሪላቸው። አስመልሰውበታል።» ረሕማ ሊሄዱ ዞሩና ተመልሰው፣ «ትልቁ እንዳይመስሉሽ» አሉ።

ትንሹ እሳቸው ሠላሳ ሦስት ቀናቸው ነበር። ትልቁ እሳቸው ደግሞ የሕፃኑ አያት ናቸው። ስማቸውን እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ብለነው እንገላገል፤ አብዱልሐሚድ ይባላሉ። እንገላገል ማለታችን ያለ ነገር አይደለም፤ በዚያ ቤት ይህን ስም የሚደፍር አፍ አልነበረም።

ሱረያ ባደገችበት፣ ከሐይቅ ማዶ ባለው የወሎ መንደር፣ ምራት የባሏን አባት በስሙ አትጠራም። እናቷ ወደ መካ ስትሸኛት ሦስት ምክር ሰጥታት ነበር። ሁለቱን አውሮፕላኑ ጅዳ ሳያርፍ ረስታቸዋለች፤ ይህን ግን አልረሳችም። በራሳቸው ላይ ይቅርና በሌላ ሰው ላይ እንኳ አትደፍረውም። ከፎቃቸው ሥር ያለው የባቃላ ሱቅ ባለቤት የሽማግሌው ሞክሼ በመሆኑ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ወተት ስትገዛው «የወተቱ ሰውዬ» እያለች ነው የኖረችው። ረሕማም ከእሷ አይሻሉም። አርባ ዓመት አብረው ሲኖሩ ባላቸውን መጀመሪያ «እርስዎ»፣ ልጅ ከወለዱ በኋላ «የያሲር አባት» ብለው ጠሩ እንጂ ስማቸውን በአፋቸው አላዞሩትም።

ያሲር፣ የሱረያ ባል፣ እዚያው መካ፣ ነካሳ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ዐረብኛው ከአማርኛው ይቀድመዋል። ይሁን እንጂ እሱም በአባቱ ፊት የአባቱን ስም እየጠራ ሕፃን ሊያባብል አልቻለም። «ያ በጠል» ይለዋል፣ ጀግናዬ እንደማለት፣ ከዚያም ወደ ጅዳ ሥራው ይሄዳል። ሥራው ስም መቁረጥ ነው። ሰው ሲወለድ፣ ሲመረቅና ሲያገባ ስሙን ከፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በማሽን ይቀርጻል። የገዛ ልጁን ሰሌዳም ገና በስምንተኛው ቀን ቀርጾ አምጥቶ ነበር። ወርቅማ ነው፤ በመሐሉ ሙሉው ስም፣ በግርጌው «እንኳን ደህና መጣህ»፣ በጥግ በኩል ፊኛ የያዘ ሰማያዊ ድብ። ሱረያ የልደት ወረቀቱ ሳያልቅ አይሰቀልም ብላ፣ መከላከያ ላስቲኩን ሳትልጠው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከታዋለች።

እንግዲህ ቢቆጠር ያንን ስም እንደልቡ ሊጠራ የሚችል በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የስሙ ባለቤት። እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ስም ጮክ ብሎ መጣራት የእብድ ሥራ መስሎ ታያቸው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ሱረያ ልጁ በሆዷ ሳለ አብዱ ትለው ነበር። የበኩር ልጅ በአያቱ ስም መሰየሙ የታወቀ ነው፤ ወረቀቱ ሙሉውን ይይዛል፣ ቤቱ ቁራጩን ይጠራል፣ ሁሉም በየፊናው ይኖራል ብላ ነበር። አብዱ የሽማግሌው ስም አይደለም። እሳቸውን አብዱ ያለ ሰው የለም። ስለዚህ በአፏ ቀለላት። በሰባተኛው ቀን ግን በጉ ታርዶ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ስሙ ከወጣለት በኋላ ሥጋ ይዛ ስትገባ፣ «አብዱ እንዳይነቃ ቀስ በሉ» አለች። ሽማግሌው የያዙትን አጥንት ወደ ሳህኑ መለሱ።

አልተቆጡም። ልብስ ሰፊ ስለነበሩ በልብስ ሰፊ ቋንቋ ተናገሩ። ነካሳ ሳይፈርስ፣ ሱቃቸውም ሳይፈርስ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጠዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ደንበኛው «ያ ኸያጥ» ሲላቸው ኖረ፤ አንተ ልብስ ሰፊ። ኸያጥ መሆናቸውን የማያውቀው ደግሞ «ያ ሰዲቅ» አላቸው፤ አንተ ወዳጄ። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው አንድም ፊደል ሳያስቀር የጠራቸው ሰው በዕድሜያቸው አንድ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ኢቃማቸው፣ ጊዜው አልፎ ሹመይሲ እስር ቤት በገቡ ጊዜ የስም ዝርዝር የያዘው ወታደር።

«ጥሩ አድርጎ ነበር የጠራኝ» አሉ። «ብቻ ቦታው አልሆነም። አሁን እዚህ ቤት፣ ከመሞቴ በፊት፣ በደህና ቀን ሲጠራ ልስማው። አትቁረጡት።»

ይህን ከሰማ በኋላ ማን አብዱ ይላል? ሱረያ ለሃያ ስድስት ቀን ልጇን በምንም ሳትጠራው ኖረች። ረሕማ ሞክሼነቱን አክብረው በአንቱታ ያዙት። ሽንታቸውን ሸኑ፣ አስመለሳቸው፣ ጋዝ ይዟቸዋል። አንድ ቀን «እሳቸውን እጠቢልኝ» ሲሉ ያሲር ሰምቶ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ደረጃው ወጣ። ሱረያ ግን አልሳቀችም። ሕፃኑ ሲያለቅስ የምትለው ታጣለች። ሲያድግ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ከመንገድ እንዴት እንደምትጠራው፣ መኪና ሲመጣበት ምን ብላ እንደምትጮኽ ታስባለች። ስም የሌለው ነገር የእሷ አይመስላትም ነበር።

የጥፍሩ ቀን ረቡዕ ነበር። ረፋዱ ላይ ክትባት አለው፤ የጤና ጣቢያዋ ጸሐፊም በዚያው «የሱረያ ልጅ» የሚለውን ሰርዛ ስሙን ልታስገባ ነው። ያሲር ጅዳ ስለሆነ ሽማግሌው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሲጻፍ ማየት አለብኝ ብለው አብረው ወጡ።

ጸሐፊዋ ከዓይኗ በቀር የተሸፈነች ወጣት ናት። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል የልጁን ስም ጠየቀች። ሱረያ ከጎኗ በቆሙት ሽማግሌ ነጠላ ጫማ ላይ ዓይኗን ተከለች። ሽማግሌውም ቢናገሩት ባለቀ ነበር፤ እሳቸው ግን ከእናቱ አፍ ሊሰሙት ነው የመጡት።

ጸሐፊዋ ደገመች። ሱረያ በምትችለው ዐረብኛ፣ አያቱ ይናገራሉ አለች።

«የጠየቅሁት እናቱን ነው።»

አሁን ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ ነበር። ኢቃማውን ተቀበለችና ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየች። የክትባት ካርዱን ገለበጠች። ስንት ቀኑ ነው አለች፣ የት ተወለደ አለች፣ በስንት ሰዓት አለች። ሱረያ ሁሉንም መለሰች። ስሙስ ስትላት እንደገና ወደ ሽማግሌው ጫማ አየች። የወር ልጅ ታቅፋ ስሙን የማታውቅ እናት ለጸሐፊዋ አዲስ ነገር ነበር፤ አዲስ ነገር ሲገጥማት ደግሞ ምን እንደምታደርግ ተነግሯታል። ስልኩን አነሳች። ለአለቃዋ ደውላ አንዲት ሴት የያዘችው ልጅ የራሷ መሆኑ እንዳልተረጋገጠ ተናገረች። ከዚያም ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ሁለት እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አለቃዬ እስክትመጣ ልጁን እኔ ጋ አስቀምጪው።»

ሱረያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ሕፃኑን እንዲህ አጥብቃ ይዛው አታውቅም፤ ነቃና ማልቀስ ጀመረ። አንድ ቃል ነው የተጠየቀችው። ቃሉ በምላሷ ላይ ነበር፣ እናቷ ግን ከሐይቅ ማዶ ሆና አፏን ይዛታለች።

«አብዱ» አለች በመጨረሻ።

«አብዱ ምን?»

ጸሐፊዋ የተጨነቀችውን እናት የምትረዳ መስሏት በጣቷ እየቆጠረች ጠራችላት። አብዱላህ? አብዱረሕማን? አብዱልዐዚዝ? አብዱልከሪም? ሱረያ በእያንዳንዱ ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም። «አብዱልሐሚድ?»

ሱረያ ራሷን አልነቀነቀችም። የሻሿን ጫፍ አንስታ አፏን ሸፈነችና አንገቷን ደፋች፤ በአገሯ ምራት ያ ስም በፊቷ ሲጠራ እንደምታደርገው።

ሽማግሌው ስማቸውን ሰምተዋል። በደህና ቀን፣ በጥሩ ድምፅ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተጠርቷል። የጠራችው ግን እንደዚያ ወታደር ስም መዝጋቢ ናት። ምራታቸውን አዩ፤ ሻሹን ከአፏ አላነሳችም። የሕፃኑን አፍ አዩ፤ እስከ ላንቃው ተከፍቷል።

«አብዱ ነው» አሉ። «ምንም አይጨመርበት።»

ጸሐፊዋ ወደ እሳቸው ዞረች። «አንተስ ዐሚ፣ ማነህ?» አለች፣ አጎቴ እንደማለት።

«አያቱ።»

«ስምህ?»

ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ተናገሩ። ጸሐፊዋ ኢቃማቸውን አይታ ከጻፈች በኋላ፣ የመጣችውን አለቃዋን በእጇ መለሰቻት። ነገሩ የገባት አይመስልም፤ ወይም በከፊል ገብቷታል።

«እንዲህ ያለ ስም እያለህ» አለች፣ «ለምን ለልጁ አልሰጠኸውም?»

«ሰፋበት» አሉ ሽማግሌው። «ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልክ አውቃለሁ።»

ከዚያ ልጁ ተወጋ። ቤት ሲደርሱ ረሕማ በሩን ከፍተው፣ እሳቸው ተወጉ ወይ ብለው ጠየቁ።

«አብዱ ተወጋ» አሉ ሽማግሌው፣ ጫማቸውን እያወለቁ።

ረሕማ ባላቸውን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። ከዚያ ሕፃኑን ከሱረያ እጅ ነጥቀው፣ «ና አንተ ቀልማዳ» አሉት። «ወር ሙሉ አንቱ ስልህ ዝም ትላለህ?»

ሐሙስ ማታ ያሲር ከጅዳ ሲመጣ ወረቀቱ አብዱ ብሎ አልቆ ጠበቀው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሰሌዳውን አወጣና፣ እንግዲህ ይህን ልመልሰው፣ በጀርባው ሌላ ስም ይቀረጽበታል አለ። ሱረያ ተቀበለችው። መዶሻ አምጣ አለችው። የት እንደሚሰቀል ስትነግረው ራሱን አከከ።

«የአባባ በር ላይ? ድብ አለበት እኮ። እንኳን ደህና መጣህ ይላል።»

«ይበል። በአፌ አልጠራውም እንጂ እጄን ማን ከለከለው።»

ረሕማ ከማድቤት ሰምተው ኖሮ፣ እኔ እወለውለዋለሁ አሉ። ፊደል ስለማያውቁ ኃጢአት የለባቸውም።

ሽማግሌው ከዒሻ ሶላት ተመልሰው በራቸው ላይ ቆሙ። ስማቸውን በጣታቸው ተከትለው አነበቡ። ስለ ድቡ ምንም አልጠየቁም። ገብተው ተቀመጡ፤ ጥቂት ቆይቶም በሕይወታቸው ከፍ አድርገው የማያውቁት ድምፃቸው ተሰማ።

«አብዱልሐሚድ፣ ና እስቲ ወዲህ።»

የተጠራው የወር ልጅ ነውና አልመጣም። ሱረያ ታቅፋ ወሰደችው፣ በሽማግሌው ጭን ላይ አኖረችው። «ይኸው አብዱ» አለች።

ስትወጣ በሩን ገርበብ አደረገችው። ሰሌዳው ላይ ላስቲኩ እንዳለ ነበር። ከጥግ በጥፍሯ አስነሳችው፣ በፊደሎቹ ላይ ቀስ ብላ ሳበችው። በድቡ ጆሮ ላይ የቀረችውን ቁራጭም ለቀመች። ሁሉንም ጠቅልላ፣ ከትንሿ መቀስ ጎን መሳቢያው ውስጥ ከታ ዘጋችው።