ለባሻ የመረጥኩት ጭድ

ስሜ ውዴ ነው። በደርጉ ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የበሽታ ምርመራ ጣቢያ የፈረንጅ አይጥ አርቢ ነበርኩ። የሚስቅ ይሳቅ፤ ያኔም ስቀውብኛል። ጅራት የሌላቸው፣ ጥንቸል የማያክሉ፣ ድብልብል ያሉ እንስሶች ናቸው፤ በር ሲከፈት በሰሙ ቁጥር ሁሉም ባንድ ላይ ያፏጫሉ። እኛ እናራባቸዋለን፤ በየወሩ የተወሰኑት ለሳንባ በሽታ ምርመራ ወደ ጎንደር ተጭነው ይሄዳሉ። እዚያ ምን እንደሚደረጉ ጠይቄ አላውቅም። የእኔ ሥራ ማብላት፣ ማጠጣትና ከሥራቸው ደረቅ ነገር መጎዝጎዝ ነበር።

ለመብሉም ለጉዝጓዙም ድርቆሽ ነበር የምንጠቀመው። በሰባ ሰባት ግን ድርቆሽ ከየት ይምጣ? ክረምቱ ከድቶን፣ ኅዳር ሳይጋመስ የከብቱ ሁሉ አጥንት ይቆጠር ጀመር። ሰው የሚበላው አጥቶ እኔ ለአይጥ መኝታ ፍለጋ ስዞር አስቡኝ። ገበያ ላይ ጭድ ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ፣ «ለላምሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። እውነቱን ብነግራቸው በያዙት ዱላ ባቀመሱኝ ነበር። «አዎ አባባ» ብዬ አለፍኩ።

መብሉ ብዙም አላስቸገረኝም። ጠዋት ጠዋት ወንዝ ዳር ወርጄ ያገኘሁትን ሰርዶና ማገጥ አጭዳለሁ፤ ከጣቢያው ወጥ ቤት ደግሞ የሚጣለውን የጎመን ቅጠል እለምናለሁ። ያስቸገረኝ መኝታው ነው። መጀመሪያ ከጣውላ ሰንጣቂዎች የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ አምጥቼ በተንኩላቸው። በሁለተኛው ቀን ዐይናቸው ያነባ፣ ሲያስነጥሱም ያድሩ ጀመር። ጠርጌ አወጣሁት። ቀጥዬ ቢሮ ውስጥ የተከመረ አሮጌ ጋዜጣ አየሁና አነጠፍኩላቸው። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደሳለኝ ሊጎበኙ ገብተው አንዱን ሣጥን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ ሽቅብ እያየ፣ ባሻ የተባለው ወንዱ ልክ ግንባራቸው ላይ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል።

«ውዴ! ሁለታችንንም ልታስበዪን ነው እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ጋዜጣውን በገዛ እጃቸው ለቅመው ጓሮ ወስደው አቃጠሉት።

በጥር ከሐሙሲት በኩል የመጣ መኪና ዐሥራ ሁለት ማዳበሪያ ጭድ አራገፈልን። ገና ሳይፈታ በጠረኑ አወቅሁት። የጓያ ጭድ ነው።

ጓያን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ሰብል ሁሉ ሲከዳ የማይከዳ እህል ነው። ነገር ግን እግር ይሰብራል። በእኛ አገር ሁለት ዱላ ይዞ ጉልበቱ እየተጋጨ የሚሄድ ጎልማሳ ካያችሁ «ጓያ ሰብሮት ነው» ትባላላችሁ። እንዴት እንደሚሰብርም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ጭዱ ላይ የተኛ ይሰበራል፣ ማሳው ውስጥ በባዶ እግሩ የሄደ ይሰበራል፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ የመታው ይሰበራል። እናቴ እንዲህ ብላ አስተማረችኝ፤ እሷንም እናቷ።

እኔ ደግሞ የምፈራው እግር አለኝ። ባሌ ይርጋ ጭቃ ረጋጭ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይርጋን ይጠራል፤ ጭቃና ጭዱን ከጠዋት እስከ ማታ ሲረግጠው ሁለት በሬ አይተካከለውም። ቤታችን የቆመው በእሱ እግር ነው። ከኅዳር ወዲህ የምንበላው እናቴ ከሐሙሲት የምትልክልንን ጓያ ስለሆነ፣ ጥንቃቄዬ ለጉድ ነበር። ከእህሉ ላይ አንዲት የጭድ ስባሪ እንኳ ሳትቀር እለቅማለሁ። ድስቱን ስከፍት ይርጋን ወደ ውጭ አባርረዋለሁ። «ከድስት የሚሸሽ ወንድ እንደኔ የለም» እያለ ይስቃል። እንፋሎቱ ሲያልቅለት ገብቶ ይበላል። እኔ ምሳዬን ጣቢያው ወጥ ቤት ስለምበላ ማታ ጥቂት እቀምሳለሁ፤ ትልቁን ቂጣ ለሚለፋው እሰጣለሁ።

ስለዚህ ለአቶ ደሳለኝ፣ «እኔ ይኸን ጭድ አልነካም» አልኳቸው።

«ከብት ይበላው የለ? ከብቱ ተሰበረ?»

«ከብት አራት እግር አለው፣ አንቱ።»

«እነዚህስ ስንት አላቸው?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እምቢ ካልሽ የሚነካ ሰው እፈልጋለሁ» ብለው ወጡ።

ሥራዬን ላጣ አልችልም፤ ጎዘጎዝኩ። እግሬን በላስቲክ ጠቅልዬ እገባለሁ፣ ስወጣ ታጥቤ ቀሚስ እቀይራለሁ። ዐሥሩ ሣጥን ሁሉ የጓያ ጭድ ተነጠፈበት። አንድ ማዳበሪያ የማትሞላ ንጹሕ የገብስ ጭድ ነበረችኝ፤ እሷን ለብቻው ሣጥን ለነበረው ለባሻ ደበቅኳት። ባሻን እወደው ነበር፤ ምን ላድርግ? ጢሙ እንደ ሹም፣ ስጠራው ከሁሉም ቀድሞ የሚያፏጭ፣ ከእጄ የሚበላ። ሌሎቹ ሰርዶና ጎመን ሲበሉ ለእሱ ከቤት የጓያ ክክ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አመጣለታለሁ። ከአፌ ነጥቄ ማለት ነው። እሱም ወፈረልኝ።

በየካቲት ይርጋን ጠዋት ጠዋት ባቱን ይቆረጥመው ጀመር። «ድካም ነው» አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔ ወዲያው አወቅሁት፤ ማለት ያወቅሁ መሰለኝ። ያ የተረገመ ጭድ በልብሴ ተጣብቆ ቤቴ ገብቷል! ከዚያ ወዲያ ቀሚሴን ደጅ አውልቄ መግባት ጀመርኩ፣ መደቡን ለብቻው ለቅቄለት መሬት ላይ ተኛሁ። ጸበል አስረጨሁ። አቶ ደሳለኝንም በልቤ እረግማቸው ነበር።

በመጋቢት አንድ ቀን ጠዋት ይርጋ ከመደቡ ሲነሳ ተረከዙ ተንቀጠቀጠ። ግድግዳ ይዞ ቆመ። «ስረግጥ ይፍታታልኛል» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዛሬ ያንን ጭድ አወጣና ጣቢያው በር ላይ አቃጥለዋለሁ፣ ከፈለጉ ይሰሩኝ ብዬ እንደ እብድ እየተናገርኩ ሄድኩ።

መንሹን ይዤ የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈትኩ። አንዷ እናት ወልዳለች። የፈረንጅ አይጥ ልጅ እንደ ሌላው አይጥ ዕውርና ራቁቱን አይወለድም፤ ፀጉር ለብሶ፣ ዐይኑን ገልጦ፣ በዚያው ቀን ይሮጣል። ሦስት ነበሩ። በጓያው ጭድ ውስጥ ለውስጥ ይሯሯጣሉ። አንዱን አንስቼ ብይዘው መዳፌን በኋላ እግሩ ረግጦ አመለጠኝ።

መንሹን አስቀመጥኩ። እናቲቱን አወጣሁና እግሯን ጎተትኩት፤ መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው። ሁለተኛው ሣጥን ሄድኩ፣ ሦስተኛው፣ እስከ ዐሥረኛው። ሁለት ወር ሙሉ እዚያ ጭድ ላይ ተኝተዋል፣ ሸንተውበታል፣ ቆፍረው ገብተውበታል፣ ወልደውበታል። አንድም የተሰበረ የለም። ሁሉም እያፏጩ መብል ይጠይቁኛል።

እናቴ የነገረችኝ፣ አገር በሙሉ የሚያውቀው፣ እኔ ስንት ቀን ውርጭ ላይ ልብስ የቀየርኩለት ነገር ውሸት ነው?

ያኔ ነው ባሻ እንዳላፏጨ ልብ ያልኩት።

ጥግ ላይ፣ ከንጹሑ የገብስ ጭድ ላይ ተቀምጧል። «ባሻ» አልኩት። መጣ። በፊት እግሮቹ መሬቱን እየቧጠጠ፣ ወገቡንና የኋላ እግሮቹን እንደ እርጥብ ጨርቅ እየጎተተ መጣ። አፍንጫውን ወደ እጄ ዘረጋ። እጄ ደግሞ በልማዱ ሄዶ የነጠላዬን ቋጠሮ ሊፈታ ጀምሯል።

ጣቶቼ እዚያው ቋጠሮው ላይ ደረቁ።

አቶ ደሳለኝ መንሹን አይተው ሊቆጡ ገብተው ነበር፤ ባሻን ሲያዩ ግን መንሹን ረሱት። ጎንበስ ብለው የኋላ እግሩን ዳሰሱት።

«ይኼኛው የተኛው በምን ላይ ነው?»

«በገብስ ጭድ።»

«ምን ታበዪው ነበር?»

ቋጠሮውን ፈትቼ አሳየኋቸው። ክኩን አዩ፣ እኔን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቤታችሁስ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እናንተ ቤት ምን ትበላላችሁ?»

ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ላስቲኩ እግሬ ላይ እንደተጠቀለለ፣ ነጠላዬ ወድቆ፣ ሰው «ምን ሆነች?» እያለ ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ ጨለማ ውስጥ እንደሚሮጥ ሰው ሮጥኩ። በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዛሬውን እንዳይበላ።

ይርጋ ቤት ነበር። በዚያ ሰዓት ቤት ሆኖ አያውቅም። እስከ ጭኑ የደረቀ ጭቃ ለብሶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ጠዋት ጋግሬ የተውኩለትን ቂጣ ይበላል። ዘልዬ ከእጁ ነጠቅሁት፣ መሬት ላይ ወረወርኩት። አፉ ውስጥ ያለውንም «ትፋው! ትፋው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ኧረ በማርያም! ምን ነካሽ ውዴ?»

«ጭዱ አይደለም! ፍሬው ነው፣ ይርጋ፣ ፍሬው ነው! እኔ ነኝ የሰበርኩህ!» አልኩት። የባሻን፣ የአይጦቹን ልጆች፣ የክኩን ነገር እያለቀስኩ ነገርኩት። ከድስት እንፋሎት አሽሽቼ፣ ከጭድ ስባሪ ጠብቄ፣ ትልቁን ቁራሽ መርጬ በእጄ ሳጎርሰው የኖርኩ እኔ ነኝ። ጠላት ቢያደርገው ኖሮ እንዲህ ባልተሳካለት ነበር።

ስጨርስ ይርጋ ሁለት እግሮቹን በእጁ አንድ በአንድ አንስቶ ወደ ፊት ዘረጋቸው።

«ዛሬ ጠዋት ከጭቃው መውጣት አቃተኝ» አለ። «ሁለት ሰው በብብቴ ገብቶ ጎትቶ አወጣኝ። እዚህ ድረስም እነሱ ናቸው ያደረሱኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነበር።»

ጉልበቱ ላይ ተደፋሁ። ጭቃው ፊቴ ላይ ተፈረፈረ። እጄን ብጭነው እግሩ ከሥሩ በራሱ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ አላዘዘውም።

ቤቱ ውስጥ ከጓያ በቀር የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። ሁለታችንም እናውቀዋለን። ይርጋ ፀጉሬን ዳሰሰኝ። ከዚያ በላዬ ላይ አልፎ እጁን ዘረጋና የጣልኩትን ቂጣ ከመሬት አነሳ፤ አፈሩን በመዳፉ አራገፈ።

«ውዴ» አለኝ፣ «ርቦኛል እኮ።»